አሸዋ የገባባት የአልማዝ ከተማ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከደሴ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ጂኦግራፊ ሳስተምር ኖሬ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። ልጄ ናሚቢያ፣ ዊንድሁክ ከተማ ሥራ ይዟል። ዘንድሮ እኔንና እናቱን ኑ ብሎ ጋብዞናል። በቀደም በስልክ አንድ ፎቶ ላከልኝ። ፎቶው ላይ ያለው ቤት ሳሎኑ እስከ መስኮቱ ድረስ አሸዋ ሞልቶታል። ኮልማንስኮፕ የሚባል የድሮ የአልማዝ ከተማ ነው አለኝ። «ግን ሩቅ ነው አባዬ፤ ለፎቶ ብሎ ያን ሁሉ መንገድ መንዳት አያዋጣም» ይለኛል። የእኔ ልብ ግን እዚያው ቀርቷል። ለመሆኑ ይህን ያህል ያስኬዳል? በአካባቢውስ ሌላ ምን የሚታይ አለ? ባለቤቴ ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙ መራመድ አትችልም። ወቅቱስ መቼ ቢሆን ይሻላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ ያስኬዳል። በደንብ ያስኬዳል! ልጅዎ ያለውም እውነት አለው። ለፎቶ ብቻ ከሆነ መንገዱ ይረዝማል። ከዊንድሁክ በኪትማንስሁፕ በኩል ሉደሪትዝ የምትባለው የወደብ ከተማ ድረስ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ኮልማንስኮፕ ደግሞ ከሉደሪትዝ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ፣ በረሃው መሃል ላይ ናት።

እኔ ዊንድሁክ ለዓመታት ኖሬያለሁ። በሂሳብ ሠራተኛነት ነበር የምሠራው። ከአገር ቤት እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደዚያ መውሰድ የእኔ ድርሻ ነበር። ከዚያ ልምዴ ተነሥቼ ሁለት ነገር ልለምንዎት። አንደኛ፣ ሉደሪትዝ ቢያንስ ሁለት ሌሊት እደሩ። ሁለተኛ፣ ኮልማንስኮፕን ሻርክ ደሴት ከሚባለው ቦታ ነጥላችሁ አትዩ። ለምን እንደምል ልንገርዎት። ነገሩ የሚጀምረው ከባቡር ሐዲድ ነው። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ይያዙልኝ።)

ናሚቢያ ያኔ የጀርመን ቅኝ ግዛት ነበረች። በ1904 የሄሬሮ ሕዝብ፣ ቀጥሎም የናማ ሕዝብ በጀርመኖች ላይ ተነሣ። ጀርመኖች ሄሬሮዎቹን ውሃ ወደሌለው በረሃ ነዱአቸው። ከእልቂቱ የተረፈውን፣ ሴት ሕፃን ሳይሉ፣ ማጎሪያ ካምፕ አስገቡት። ከካምፖቹ ሁሉ ክፉው ሉደሪትዝ ወደብ አፍንጫ ሥር ያለው ሻርክ ደሴት ነበር። ከ1905 እስከ 1907 ሠራ። ከሉደሪትዝ ወደ አውስና ወደ ኪትማንስሁፕ የሚወስደውን ሐዲድ እንዲሠሩም እስረኞችን አወጡ። ከጥር 1906 እስከ ሰኔ 1907 ባለው ጊዜ በዚህ ሥራ ላይ ከነበሩ 2,000 ያህል እስረኞች ከ1,300 በላይ የሚሆኑት ሞተዋል።

ሐዲዱ ካለቀ በኋላ ሌላ ችግር መጣ። ነፋሱ በየቀኑ አሸዋ እያመጣ ሐዲዱን ይደፍነዋል። አሸዋውን በአካፋ የሚጠርጉ ሠራተኞች ተቀጠሩ። ከእነሱ አንዱ ዘካርያስ ሌዋላ ይባላል። ቀደም ሲል ደቡብ አፍሪካ ኪምበርሊ የአልማዝ ማዕድን ውስጥ ስለሠራ ድንጋይ ያውቃል። በሚያዝያ 1908 አሸዋ ሲዝቅ የምታብለጨልጭ ድንጋይ አየ። ወስዶ ለአለቃው፣ ለአውጉስት ሽታውኽ አሳየው። ሽታውኽ አፉን ዘግቶ የፍለጋ ፈቃድ አወጣና ባለጸጋ ሆነ። ሌዋላ ከዚያ ሀብት አልደረሰውም። የሽታውኽም ሀብት ኋላ ላይ ተኖ ጠፋ፣ በ1947 ሲሞት ድኻ ነበር።

እንግዲህ አልማዙ የተገኘው እነዚያ እስረኞች ባለቁበት ሐዲድ ላይ ነው። ኮልማንስኮፕ ያሉት ያማሩ ቤቶች የቆሙት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሳያውቁ አሸዋ የሞላውን ሳሎን ፎቶ አንሥቶ መመለስ ይቻላል፣ ብዙ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እርስዎ ግን መምህር ነዎት። ከነምክንያቱ ማወቅ ይፈልጋሉ ብዬ ነው።

ከተማዋ ራሷ

በ1912 ከዚህ አካባቢ አንድ ሚሊዮን ካራት ገደማ አልማዝ ወጥቷል። የዓለም ምርት ከአሥር እጅ አንዱን ያልፋል ማለት ነው። ገንዘቡ በረሃ ላይ የጀርመን ከተማ አስነሣ። ሆስፒታል፣ ትምህርት ቤት፣ ዳቦ ቤት፣ ሥጋ ቤት፣ የበረዶ ፋብሪካ፣ መዋኛ ገንዳ፣ ቦውሊንግ መጫወቻና የቲያትር አዳራሽ ነበራት። ለዚህ ሁሉ የሚሆን የምንጭ ውሃ የለም። መጀመሪያ ላይ ውሃው በመርከብ ከኬፕታውን ይመጣ ነበር። በረዶ ግን በየቀኑ ለየቤቱ ይታደላል። ይህን ሁሉ የሚጠቀሙት 300 ያህል ጀርመናውያንና ልጆቻቸው ናቸው። ከሰሜን በኮንትራት የመጡት 800 የሚሆኑ የኦቫምቦ ሠራተኞች በተከለለ ግቢ ለብቻቸው ይኖራሉ። ሆስፒታሉ የነበረው የኤክስሬይ መሣሪያ ደግሞ በደቡባዊው የዓለም ክፍል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው ይባላል። ስብራት ብቻ አልነበረም የሚታይበት፤ አልማዝ ውጦ የሚወጣ ሠራተኛ እንዳይኖርም ይፈተሽበት ነበር።

አስጎብኚው ዋናውን አዳራሽ ካሳያችሁ በኋላ በራሳችሁ እንድትዞሩ ይለቃችኋል። እኔ ዘወትር የምሄደው ከፍ ብለው ወደቆሙት የሹማምንት ቤቶች ነው። የማዕድኑ ሥራ አስኪያጅ፣ የአርክቴክቱ፣ የመምህሩ ቤት ይባላሉ። የመምህሩ ቤት ሲገቡ እኔን ያስታውሱኝ። አሸዋው እንደ ጤፍ የደቀቀ ነው። በተሰበረው መስኮት ገብቶ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተኝቷል። በሩ ሲከፈት የነበረበት ቦታ ላይ አሸዋ ይዞት ቀርቷል፤ አይዘጋም፣ አይከፈትም። ታችኛው ማጠፊያ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል፣ ላይኛው ዝጎ ወደ ውጭ ወጥቷል። ግድግዳው ግማሽ ድረስ በአንድ ቀለም፣ ከዚያ በላይ በሌላ ቀለም ተቀብቶ በሁለቱ መሃል በእጅ የተሠራ ቀጭን ጌጥ ዞሮታል። ነፋሱ ቀለሙን ከሥር እየላጠው ነው። ጌጡ ግን ዛሬም ይነበባል። እዚያ ቁመው ጠዋት በዚያ በር ይወጣ የነበረውን አስተማሪ ያስቡት።

ከተማዋ የወደቀችው በጦርነት ብቻ አይደለም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአልማዝ ዋጋ ወረደ። በ1928 ደግሞ ወደ ደቡብ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ኦሬንጅ ወንዝ አፍ አጠገብ፣ እጅግ የበለጠ ክምችት ተገኘ። ሰው ሁሉ ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያ ሄደ። ብዙዎች ዕቃቸውን ጥለው ነው የሄዱት። የመጨረሻዎቹ ነዋሪዎች በ1956 ወጡ። ከዚያ ወዲህ ያለው ሥራ የነፋሱ ነው። በ1980 አካባቢ አንዳንዶቹ ቤቶች ታድሰው ለጎብኚ ክፍት ሆኑ።

ስለ ጊዜው አንድ ነገር፦ ጠዋት ሂዱ። በመደበኛው ትኬት የሚገባው ጠዋት ነው፣ አስጎብኚም የሚገኘው ያኔ ነው። ሰዓቱን ከመሄዳችሁ በፊት ሉደሪትዝ ላይ አረጋግጡ። ሰው ሳይመጣ በማለዳ ፎቶ ማንሣት ለሚፈልግ የተለየ ፈቃድ አለ፣ ዋጋውም ይጨምራል። ከቀትር በኋላ ከባሕሩ የሚመጣው ደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይነሣል። ያኔ አሸዋው ፊት ይገርፋል።

እትዬ ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብለዋል። አይጨነቁ። አዳራሹ፣ ሱቁና የበረዶ ፋብሪካው እርስ በርስ ይቀራረባሉ፣ ወለላቸውም ደረቅ ነው። አዳራሹ ውስጥ ወንበር ያገኛሉ፣ ሻይም አለ። አሸዋ የሞላባቸው ቤቶች ግን መርገጫቸው ይከብዳል። አሸዋ ላይ ሲወጡ እግር ወደ ኋላ ይንሸራተታል። እሳቸው አንዱን ዝቅ ያለውን ቤት በደጁ ይዩ፣ ሌላውን እርስዎና ልጅዎ ወጥታችሁ ተመለሱ። ክፍት ጫማ ይቅር። ሲረግጡ የላላ ሳንቃ ይኖራል፣ ጣሪያም የሚወድቅ አለ፤ «አትግቡ» የሚል ካለበት አትግቡ።

ሻርክ ደሴት

ከሰዓቱን ለዚህ ስጡት። ደሴት ይባል እንጂ ዛሬ ከመሬት ጋር ተያይዟል፤ ከመሃል ከተማ በእግር ይደረሳል። መኪና እስከ ውስጥ ይገባል፣ ለእትዬም ይመቻል። ዓለቱ ራቁቱን ነው። ዛፍ የለም፣ ጥላ የለም። ቤንጉዌላ የሚሉት ቀዝቃዛ የባሕር ሞገድ ከአንታርክቲክ በኩል ስለሚመጣ ነፋሱ ቀን እንኳ አጥንት ይገባል። እስረኞቹ በድሪቶ ድንኳን ያደሩት እዚህ ነው። ከ1,000 እስከ 3,000 የሚሆኑ ሰዎች እዚህ እንደሞቱ ይገመታል። ከናማ መሪዎች አንዱ የነበረው ኮርኔሊዩስ ፍሬዴሪክስ በየካቲት 1907 እዚሁ አረፈ። በስሙ የቆመ መታሰቢያ ድንጋይ አለ። የጀርመን መንግሥት የተደረገው የዘር ማጥፋት መሆኑን የተቀበለው በግንቦት 2021 ነው። ካሣውና ይቅርታው ግን ዛሬም የሄሬሮና የናማ ልጆች የሚከራከሩበት ነው።

ደሴቱ ላይ ድንኳን ተክሎ የሚታደርበት ቦታ አለ። ርካሽ ነው፣ ባሕሩም ያምራል። እኔ ግን አላድርበትም፤ እናንተም ከተማ ውስጥ እደሩ። መካነ መቃብር ላይ ሥጋ መጥበስ ለእኔ አይሆንልኝም።

አንድ ነገር ላንሣ፤ እርስዎ ይወዱታል። ከጀርመን በኋላ አገሪቱን የያዘችው ደቡብ አፍሪካ ናት። ይህን አስተዳደር በመቃወም በኅዳር 1960 ሔግ ባለው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ደቡብ አፍሪካን የከሰሱት ኢትዮጵያና ላይቤሪያ ነበሩ። ክርክሩ ስድስት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። በሐምሌ 1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፈሉና በፕሬዚዳንቱ ወሳኝ ድምፅ ከሳሾቹ መብት የላቸውም ተብሎ ወደቀ። ነገር ግን በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የደቡብ አፍሪካን ሥልጣን ሻረው። ናሚቢያ ነፃ የወጣችው መጋቢት 21 ቀን 1990 ነው። ዊንድሁክ እያለሁ ታክሲ ውስጥ ኢትዮጵያዊት ነኝ ስል አንድ አዛውንት ሾፌር ይህን ጉዳይ ከነዓመቱ ነገሩኝ። ልጅዎንም ይጠይቁት፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ዘንድ ያልተረሳ ነገር ነው።

ሉደሪትዝና አካባቢዋ

ከተማዋ ትንሽ ናት። ቤቶቹ ጀርመን አገር ያሉ ይመስላሉ፤ ዓለቱ ላይ የተለያየ ቀለም ተቀብተው ተሰቅለዋል። ከፍ ብላ የምትታየው የዓለት ቤተ ክርስቲያን በ1912 የተመረቀች ናት። የመሠዊያው ባለቀለም መስታወት የካይዘር ዊልሄልም ሁለተኛ ስጦታ ነው። ወደ ማታ ፀሐይ ሲመታው ማየት ነው። ጎርከ ሃውስ የሚባለው የአልማዝ ኩባንያ ሹም ቤትም ከዚያ አይርቅም። የሚከፈትበት ሰዓት አጭር ነውና ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

ዲያዝ ፖይንት ግን እንዳያመልጣችሁ። ከከተማው 20 ኪሎ ሜትር ያህል በጠጠር መንገድ ይርቃል። ፖርቱጋላዊው ባርቶሎሜው ዲያዝ በ1488 የድንጋይ መስቀል የተከለበት ነው። ዛሬ የቆመው ምትኩ ነው። ክፍል ውስጥ ያስተማሩትን ካፕ ኦፍ ጉድ ሆፕ ዞሮ ሲመለስ ነው የተከለው። መስቀሉ ድረስ በእንጨት ድልድይና በደረጃ ይወጣል፤ እትዬ መብራት ማማው ጋ ሆነው ባሕሩን ይዩ። ከዚያ ራቅ ብላ ሃሊፋክስ ደሴት ትታያለች። ባይኖኩላር ከያዛችሁ የአፍሪካ ፔንግዊኖችን ታያላችሁ። በረሃ ዳር ላይ ፔንግዊን ምን ይሠራል ላለ ሰው መልሱ ያው ቀዝቃዛው ሞገድ ነው። ሞገዱ ዓሣውን አመጣ፣ ዓሣው ወፎቹን። ዝናቡን ያስቀረውና በረሃውን ያደረቀውም እሱ ነው። ክፍል ውስጥ በጠመኔ የሣሉትን ካርታ እዚያ ቆመው ያዩታል።

መንገድ ላይ ደግሞ ከአውስ ወደ ሉደሪትዝ 20 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዛችሁ ጋሩብ የሚባል ቦታ አለ። የበረሃ ፈረሶች ውሃ የሚጠጡበት ጉድጓድ ነው። ከማን እንዳመለጡ የሚነገረው ብዙ ነው፤ የጀርመን ጦር፣ በ1915 የመጣው የደቡብ አፍሪካ ጦር፣ ወይም በአካባቢው የነበረ የፈረስ እርባታ። አሁን ግን የዱር ናቸው። ጥላ ያለው መመልከቻ ተሠርቷል። ከመኪና ወርዶ አሥር እርምጃ ነው፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ ነው የሚፈልገው። ሳላ የሚባለው ባለረጅም ቀንድ የዱር እንስሳም አብሮ ይመጣል። ባለፉት ዓመታት ድርቅና ጅብ ውርንጭላዎቹን ስለጨረሱ ቁጥራቸው ቀንሷል። እንጀራም ሆነ ዳቦ አትስጧቸው፤ መኪና መቅረብ ከለመዱ መንገድ ላይ ይገጫሉ።

ቦገንፌልስ የሚባል 55 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ቅስት ባሕር ዳር አለ፤ እጅግ ያምራል። ነገር ግን አልማዝ በመኖሩ ከ1908 ጀምሮ በተዘጋው ቀጠና ውስጥ ነው። በራስ መኪና አይገባም። ፈቃድ ካለው አስጎብኚ ጋር፣ የፓስፖርት ኮፒ ቀናት ቀድሞ ተልኮ፣ ሙሉ ቀን በሚያንገጫግጭ መንገድ ነው። ለእትዬ አልመክርም።

መንገድና ስንቅ

ወቅቱን ከግንቦት እስከ ነሐሴ አድርጉት። ሌሊት ይበርዳል፣ ነፋሱ ግን ከጥቅምት እስከ የካቲት እንዳለው አይደለም። የክረምት ካፖርት ያዙ። የደሴን ብርድ ለሚያውቅ ሰው አያስቸግርም።

መንገዱን ለሁለት ክፈሉት። ኪትማንስሁፕ ወይም አውስ እደሩ። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ አትንዱ፤ አጋዘን በድንገት ይዘላል። አጋዘን የመታ መኪና ምን እንደሚሆን አይቻለሁና ልጅዎን አደራ ይበሉልኝ። መንዳት በግራ በኩል ነው። ሉደሪትዝ ልትደርሱ ስትሉ አሸዋው አስፋልቱን አቋርጦ የሚተኛበት ቦታ አለ። ነፋስ ካለ ፍጥነት ቀንሱ። አሸዋው የመኪና ቀለም ይልጣል፣ መስታወትም ያደበዝዛል። ተከራይታችሁ ከሆነ ኢንሹራንሱ የአሸዋ ጉዳትን ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አንብቡ። አብዛኛው አይሸፍንም።

ገንዘቡ የናሚቢያ ዶላር ነው። የደቡብ አፍሪካ ራንድም በእኩል ዋጋ ይሠራል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ዊንድሁክ ይበራል። ቪዛውን ልጅዎ ቀድሞ ይጨርስ፣ አዲስ አበባ ኤምባሲ አላቸው። የቢጫ ወባ ካርድ እንዳትረሱ።

ምግቡ ዓሣ፣ ኦይስተርና ሎብስተር ነው። ከነባሕሩ ሽታ ሳህን ላይ ይመጣል። እትዬ የማይወዱ ከሆነ፣ ወይም ጾም ከሆነ፣ ልጅዎ ቤት ከተቋጠረው በሶና ቆሎ ያዙ። ኩሽና ያለው ማረፊያ ተከራዩ፤ ሽሮውን ራሳችሁ ጣል ታደርጋላችሁ።

---

ጥያቄ፦ ጆሃንስበርግ የምኖር ነጋዴ ነኝ። በመጪው ረጅም ዕረፍት ከጓደኞቼ ጋር በመኪና ወደ ሉደሪትዝ ልንወርድ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «እዚያ ባሕር ዳር ድንጋይ ይለቀማል፣ አልማዝም የሚሸጡ ልጆች አሉ» ይላል። እውነት ነው? ትንሽ ይዘን ብንመለስ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ችግሩ ትልቅ ነው። ያልተሞረደ አልማዝ ያለ ፈቃድ መያዝ ናሚቢያ ውስጥ ወንጀል ነው። መግዛትም፣ መሸጥም፣ ወድቆ አግኝቼ ነው ማለትም አያድንም። ነዳጅ ማደያ ወይም ባር ደጃፍ በብጣሽ ወረቀት ጠቅልሎ የሚያሳይህ ሰው ካለ አንድም ጠርሙስ ስብርባሪ ነው፣ አንድም ወጥመድ ነው፣ እውነተኛ ከሆነ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነው። በውጭ አገር መኖሪያ ፈቃድ የሚኖር ሰው በዚህ ጉዳይ ፖሊስ ጣቢያ ቢገባ ሱቁንም ፈቃዱንም ሊያጣ ይችላል። «አይ፣ አመሰግናለሁ» ብለህ መኪናህን አስነሣ። ቆመህ እንኳ አትይ።

ጓደኛህ ድንጋይ የሚለቀምበት ያለው አጌት ቢች ሳይሆን አይቀርም። ከከተማው በሰሜን በኩል ነው። አጌት የሚባለው ባለመስመር ድንጋይ ከጠጠሩ መሃል ይገኛል። ልጆች ሲፈልጉ ይውላሉ። መንገዱ የሚያልፍበት ረግረግ ላይ ፍላሚንጎ ይታያል። ማየቱም መዋሉም ደስ ይላል። ድንጋዩን ግን እዚያው ተውት። ብትይዝ በየኬላው ምንድን ነው ተብለህ ማስረዳት ይኖርብሃል። ከአውስ ጀምሮ እስከ ባሕሩ በመንገዱ ግራና ቀኝ «አልማዝ ክልል፣ መግባት ክልክል ነው» የሚሉ ሰሌዳዎች አሉ። ከምር ነው የሚሉት። ለመሽናት እንኳ ከመንገድ ራቅ አትበሉ።

ኤልዛቤት ቤይ የሚባለውን ሌላ ሰው የለቀቀው የማዕድን ሰፈር ማየት ከፈለጋችሁ በአስጎብኚ ሂዱ። ቤቶቹ ባሕሩ ላይ ስለተጠጉ ጨውና ነፋስ በልቷቸዋል፤ ከኮልማንስኮፕ ይልቅ የፈራረሱት እነሱ ናቸው። ጊዜ ካላችሁ ስትመለሱ በፊሽ ሪቨር ካንየን በኩል ዙሩ። 160 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ ጥልቀቱ 550 ሜትር ይደርሳል። ለናንተ መንገድ ብዙ አያወጣችሁም።

---

ጥያቄ፦ ከመቐለ ነኝ። ስለ ኮልማንስኮፕ ቀደም ሲል አንድ ቦታ አንብቤ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው የለቀቀው የማዕድን ከተማ በአገራችን የለም?

መልስ፦ አለ፤ ለአንቺም ቅርብ ነው። ዳሎል።

ሰው ዳሎልን የሚያውቀው በቢጫና አረንጓዴ ፍል ውሃው ነው። ከጉብታው ላይ ግን የፈረሰ ሰፈር አለ። ግድግዳው ከጨው ቋጥኝ የተሠራ ነው። በጣሊያኖች ጊዜ ፖታሽ የሚባል፣ ለማዳበሪያ የሚሆን ማዕድን ይወጣ ነበር። ዛሬ ኤርትራ ውስጥ ካለው ከመርሳ ፋጥማ ወደብ ተነሥቶ ዳሎል አቅራቢያ የሚደርስ ባቡር በ1918 ተጠናቆ ነበር። ወደ ቀይ ባሕር የሚሄደው በዚያ ነው። ፖታሹ ከጀርመን፣ ከአሜሪካና ከሶቭየት በብዛት መቅረብ ሲጀምር ሥራው በ1929 ቆመ። በ1960ዎቹ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ መጥቶ ቆፈረ፣ ፈተሸ፣ እሱም ሄደ። በዚያ ዘመን፣ ከ1960 እስከ 1966 በተመዘገበው መሠረት፣ የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ ነበር። ሰው ይኖርበት ከነበረ ቦታ የዓለም ክብረ ወሰን ነው።

ከኮልማንስኮፕ የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ ለእኔ ትልቁም እሱ ነው። ኮልማንስኮፕ ሥራው ሞቷል። ዳሎል ሥር ግን አፋሮች ዛሬም ጨው ይቆርጣሉ፣ ግመልም ይጭናሉ። ማሽኑ መጥቶ ሄደ፣ እነሱ አሉ። ስትሄጂ ፎቶ ከማንሣትሽ በፊት አስፈቅጂ። ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ በማለዳ ሂጂ። የመንገዱን ሰላም በዚያው ሳምንት በርሃሌ ላይ ካሉ ሰዎች ጠይቂ። አካባቢውን ከሚያውቅ የአፋር መሪ ውጭ ጉብታው ላይ አትውጪ፤ የጨው ቅርፊቱ ከሥሩ ባዶ የሆነበትና አሲድ የያዘበት ቦታ አለ። ውሃ በነፍስ ወከፍ ከምትገምቺው እጥፍ ጫኚ።